በዛጎል ያጌጡ ጥንታዊ የላኮታ ቀሚሶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳ ላይ የሚኖሩት የላኮታና የዳኮታ ሴቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የሰፏቸው፣ ትከሻቸው ከዳር እስከ ዳር በነጭ ዛጎል የተሸፈነ ቀሚሶች ዛሬ በሙዚየምም በጨረታ አዳራሽም በጣም ይፈለጋሉ። ስለ ውበታቸው የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ከእነማን እጅ እንደ ወጡና እንዴት እንደ ወጡ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ለሁለቱም ዓይነት ጥያቄ የምችለውን ያህል መልሻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምናወራው በትክክል ስለ የትኛው ቀሚስ ነው?

ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ ነው። ጨርቁ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዳንዴም ቀይ ነው። ወገቡ ሳይጠብ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እጅጌው ሰፊ ሆኖ ከሥሩ ክፍት ነው። ሥራው ሁሉ ያለው ከላይ ነው። ከአንገት ጀምሮ ደረቱን፣ ትከሻውንና ጀርባውን የሚሸፍኑት ዴንታሊየም የሚባሉ ቀጫጭን ነጭ ዛጎሎች ናቸው። ጎን ለጎን ተደርድረው ረድፍ በረድፍ ይሰፋሉ፤ ረድፎቹም አንገቱን እየዞሩ እየሰፉ ይሄዳሉ። አንድ ቀሚስ በመቶዎች፣ ሲበዛም ከሺህ በላይ ዛጎል ይወስዳል። ዛጎሉ ከቀሚሱ ተለይቶ ከላይ በሚደረብ ካባ ላይ የተሰፋበትም አለ።

ዴንታሊየም ትንሽ የዝሆን ጥርስ ይመስላል። ወደ አንድ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ በጥቂቱ የጎበጠ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ቱቦ ነው። ይህ ቅርጹ ለልብስ ሰፊዋ ትልቅ ነገር ነው፤ መርፌና ክር ያለ ምንም መብሻ ያልፍበታል።

ከዴንታሊየም ሌላ እኛ የምናውቀው ዓይነት ዛጎል፣ ማለትም ሆዱ እንደ ከንፈር የተሰነጠቀው ክብ ዛጎል የተሰፋባቸው ቀሚሶችም አሉ። የኤልክ ጥርስ የተሰፋባቸውም እንዲሁ ብዙ ናቸው፤ ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዝርያ ነው። ጥርስ ዛጎል ባይሆንም ሰብሳቢዎች ሦስቱን ዓይነት ቀሚሶች አብረው ስለሚፈልጓቸው እዚህም አብረው ይነሣሉ።

«ሱ»፣ ላኮታ፣ ዳኮታ፦ በየትኛው ልጥራቸው?

በጨረታ ዝርዝርና በአሮጌ የሙዚየም ካርድ ላይ የሚያገኙት «ሱ» የሚለውን የወል ስም ነው። በሥሩ በምሥራቅ በኩል ዳኮታዎች፣ በመካከል ያንክተንና ያንክተናይ፣ በምዕራብ ደግሞ ላኮታዎች አሉ። ላኮታዎች ራሳቸው ሰባት ቤት ናቸው፤ ከእነሱም ኦግላላ፣ ሲቻንጉና ሁንክፓፓ ይበልጥ ይታወቃሉ። ቀሚሱ ከየትኛው እንደሆነ ሲታወቅ በዚያው ስም መጥራት ተገቢ ነው። ሻጩ ይህን ለይቶ መናገር ካልቻለ ስለ ዕቃው ታሪክ የሚያውቀው ትንሽ ነው ማለት ነው።

ባሕር በሌለበት ሜዳ ዛጎሉ ከየት መጣ?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። ላኮታዎች የሚኖሩበት የዛሬው ደቡብ ዳኮታ ከፓስፊክም ከአትላንቲክም ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ዴንታሊየም በባሕር ወለል አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ፍጥረት ቅርፊት ነው። ዝነኛው መገኛው በካናዳ የቫንኩቨር ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ ነበር። በዚያ የሚኖሩት የኑቻኑልዝ ሰዎች ጫፉ እንደ መጥረጊያ የታሰረ ረጅም ምሰሶ ከታንኳ ላይ ወደ ባሕሩ ወለል እያወረዱ ዛጎሉን ከአሸዋው ይለቅሙት ነበር። ከዚያ በኋላ ዛጎሉ ከነገድ ወደ ነገድ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተላለፈ በኮሎምቢያ ወንዝ በኩል የሮኪ ተራሮችን ያቋርጣል። በመንገዱም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። በሰሜን ካሊፎርኒያ ዩሮኮች ዋጋውን የሚተምኑት በርዝመቱ ነበር፤ አንዳንድ ወንዶች በክር የተሰካውን ዛጎል የሚለኩበት መስመር ክንዳቸው ላይ ይነቀሱ ነበር። ስለዚህ አንዲት የላኮታ ሴት ትከሻዋን በዴንታሊየም ስትሸፍን የሚያያት ሁሉ ምን ያህል ሀብት እንደ ለበሰች ያውቃል።

የአውሮፓ ነጋዴዎች ከመጡ በኋላ ዛጎሉ በመርከብ፣ በወንዝ ጀልባና በኋላም በባቡር በብዛት ይደርስ ጀመር። ክቡ ዛጎል ደግሞ ከዚህም ርቆ የመጣ ነው፤ መነሻው የሕንድ ውቅያኖስ፣ በተለይም የማልዲቭ ደሴቶች ነው። ወደ ሰሜን አሜሪካ ያስገቡት የጸጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ናቸው። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች የፍየል ቆዳ ልብሳቸውን የሚያስጌጡበት ዛጎልም ከዚያው ውቅያኖስ የወጣ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ሴቶች የአንድን ባሕር ዛጎል በልብሳቸው ላይ ሰፍተዋል ማለት ነው።

ሌላም የዛጎል ጌጥ አለ። ሴቶች በቀሚሱ ላይ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እስከ ጉልበት የሚያወርዷቸው ረጃጅም ነጭ ቱቦዎች መጀመሪያ ከካሪቢያን ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተፈለፈሉ ነበሩ። የሚሠሩትም በኒው ጀርሲ ውስጥ በካምቤል ቤተሰብ ወርክሾፕ ነበር። ከ1880 ገደማ ወዲህ ግን ርካሽና በቀላሉ የማይሰበረው የከብት አጥንት ቦታቸውን ወሰደ። አንድ ሐብል ከዛጎል ይሁን ከአጥንት መለየት ዕድሜውን ለመገመት ይረዳል።

የኤልክ ጥርስስ ለምን ተፈለገ?

ከአንድ ኤልክ የሚገኙት ለጌጥ የሚሆኑ ጥርሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የላይኛው መንጋጋ ክራንቻዎች። 300 ጥርስ ያለበት ቀሚስ የ150 ኤልክ አደን ወይም ንግድ ውጤት ነው። በዚህ በጣም የሚታወቁት የላኮታዎች ጎረቤትና ባላንጣ የነበሩት ክሮዎች ናቸው። ኤልክ እየጠፋ ሲሄድ ሴቶች ከአጥንት የተቀረጸ ጥርስ አብረው መስፋት ጀመሩ። ስለዚህ በአሮጌ ቀሚስ ላይ የአጥንት ጥርስ ማግኘት ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም።

ጨርቁ ለምን እንግሊዛዊ ነው ይባላል?

ስለሆነ ነው። በእንግሊዝ ግሎስተርሺር ውስጥ በምትገኘው ስትራውድ ዙሪያ የሚሸመነው ሱፍ ለአሜሪካ የጸጉራም ቆዳ ንግድ ዋና ሸቀጥ ነበር፤ በከተማዋም ስም ይጠራል። ሲነከር ጠርዙ ቀለም እንዳይነካው ይታሰር ስለነበር ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የላኮታ ሴቶች ያንን ነጭ ጠርዝ ቆርጠው አልጣሉትም፤ በቀሚሱ ግርጌና በእጅጌው አፍ ላይ እንዲውል አድርገው ይቆርጡታል። ከላይ የዛጎሉ ነጭ፣ ከታች የጠርዙ ነጭ፣ በመካከላቸው ጥቁር ሰማያዊ። ይህ ታስቦበት የተሠራ ነው።

ማን ይሠራው ነበር? መቼስ ይለበስ ነበር?

የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ባለቤቶቹም እነሱው። በላኮታ ባሕል ወንድ የጦር ሜዳ ጀብዱውን እንደሚቆጥረው ሁሉ ሴት የሠራቻቸውን ልብሶች፣ የሕፃን ማዘያዎችና የጃርት እሾህ ጥልፎች ትቆጥራለች፤ በሕዝብ ፊትም ትከበርባቸዋለች። ጨዋታ ወይም ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

ቀሚሱ የክት ልብስ ነው። ልጃገረድ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ በሚደረግላት ሥርዓት፣ ሁንካ በሚባለው ሰውን በዝምድና የማሰር በዓል፣ በጭፈራና በሠርግ ይወጣል። ሲጨፈር ዛጎሎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ድምፅ ያሰማሉ፤ መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ የሚያየው ሰው የሚያጣው ይህን ነው። ስጦታም ይሆናል። በላኮታዎች ዘንድ ክብር የሚገኘው በማከማቸት ሳይሆን በመስጠት ነው፤ አንዲት ሴት ለልጇ ወይም ለሞተባት ሰው ክብር ስትል ያላትን ምርጥ ነገር ለሌላ ታስተላልፋለች። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ቀሚስ ከቤተሰብ ውጪ መገኘቱን ሁሉ ስርቆት ያደርገዋል፤ ወይም በተቃራኒው «ሰጥተውን ነው» የሚለውን ሁሉ ያምናል። ሁለቱም አያዋጣም።

አብዛኞቹ ቀሚሶች ለምን ከ1870 እስከ 1920 ባለው ጊዜ ተሠሩ?

ከዚያ በፊት ቀሚስ የሚሰፋው ከአጋዘንና ከሌላ አውሬ ቆዳ ነበር። በ1868 በፎርት ላራሚ የተፈረመው ውል ጥቁር ኮረብቶችን ጨምሮ ሰፊ ምድር ለላኮታዎች አጸና። በ1874 እዚያ ወርቅ ሲገኝ ውሉ ፈረሰ፤ በ1876 ላኮታዎች ከአሜሪካ ጦር ጋር የተዋጉበት የሊትል ቢግሆርን ጦርነት ተደረገ፤ በ1889 የቀረው ምድር እንደ ፓይን ሪጅ፣ ሮዝበድና ስታንዲንግ ሮክ ባሉ የተነጣጠሉ ሪዘርቬሽኖች፣ ማለትም ለነገዶቹ በተከለሉ መሬቶች፣ ተከፋፈለ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጎሹ ከሜዳው ጠፋ። አደን ሲያበቃ ቆዳ አነሰ፤ የሱቅ ጨርቅና የሱቅ ዛጎል ግን በየንግድ ቤቱ ይገኝ ነበር።

መንግሥት በ1883 ባወጣው ደንብ የፀሐይ ጭፈራንና ሌሎች ሥርዓቶችን ከለከለ። ሕዝቡ ግን የአሜሪካ ነጻነት በዓል የሆነውን ሐምሌ 4ን እንደ መተንፈሻ ተጠቀመበት። በዚያ ቀን ተሰብስቦ መጨፈርና ምርጥ ልብስ ለብሶ መውጣት ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ያ የችግር ዘመን የልብስ ጥበብ በጣም ያበበበትም ዘመን ሆነ። ሴቶቹ ማንነታቸውን በአደባባይ ይዘው የወጡት በትከሻቸው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሮዝበድ የንግድ ቤት ሠራተኛ የነበረው ትውልደ ስዊድን ጆን አንደርሰንና በስታንዲንግ ሮክ ያደገው ፍራንክ ፊስክ በዚያ ዘመን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ዛሬ ስለ አለባበሱ ከምናውቃቸው ምንጮች ዋናዎቹ ናቸው።

ሰብሳቢዎች ለምን እንዲህ ይወዷቸዋል?

መጀመሪያ ዓይን ነው። ሙሉ በሙሉ በዶቃ የተሠራ የላኮታ ቀሚስ በቀለምና በምስል የተሞላ ነው። የዴንታሊየም ቀሚስ ግን ሁለት ቀለም ብቻ አለው፤ የዛጎል ነጭና የጨርቅ ሰማያዊ። ዘመናዊ ሥዕል የሚወዱ ሰዎች በዚህ ቁጥብነት ይማረካሉ። ነገር ግን ቀረብ ብለው ሲያዩት ነጩ አንድ ነጭ አይደለም። አንዱ ዛጎል ወደ ክሬም፣ አንዱ ወደ ግራጫ ያደላል፤ አንዱ አጠር፣ አንዱ ጎበጥ ይላል። ሰፊዋ እነዚህን መርጣ ረድፉን እኩል ለማድረግ የደከመችው ድካም በግልጽ ይታያል።

ቀጥሎ ብርቅነቱ ነው። ዛጎል ይሰበራል፤ ሱፍ ደግሞ ብል ይበላዋል። ሁለቱም ሳይጎዱ መቶ ዓመት የቆየ ቀሚስ ጥቂት ነው። ብዙዎቹም ከባለቤቶቻቸው ጋር ተቀብረዋል፤ የሚወዱትን ሰው ምርጥ ልብስ አልብሶ መቅበር የቆየ ልማድ ነበርና።

ሦስተኛው ዛጎሉ ያለፈበት መንገድ ነው። የቫንኩቨር ጠረፍ፣ የስትራውድ ሽመና፣ የቬኒስ ዶቃ፣ የሚዙሪ ወንዝ ጀልባ፣ በመጨረሻም የአንዲት ሴት መርፌ፤ ሁሉም በአንድ ልብስ ላይ ተገናኝተዋል። የንግድ ታሪክ የሚወድ ሰው ይህን አይቶ አይጠግብም።

አንዳንዱን ግን የሚስበው የ«ዱር ምዕራብ» ትዝታ ነው። ቡፋሎ ቢል የተባለው አሜሪካዊ የ«ዱር ምዕራብ» ትርዒት በ1887 ወደ ለንደን ሲሻገር ከፓይን ሪጅ አካባቢ ላኮታዎችን ይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አውሮፓም ስለነሱ የራሷን ሕልም ስታልም ኖራለች። በዚህ ስሜት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ለሰፊዋ ስም ደንታ የለውም፤ «የአንድ አለቃ ሚስት ለብሳው ነበር» የሚል ማስረጃ የሌለው ወሬ ግን ዋጋውን እጥፍ ሲያደርገው ይቀበላል። ይህ ያሳዝነኛል። ቀሚሱ ክብሩን የሚያገኘው ከአለቃው አይደለም።

ዋጋው ምን ያህል ነው?

በትልልቅ ጨረታዎች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር፣ ምርጦቹ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ያወጣሉ። ዋጋውን የሚወስኑት የዛጎሉ ሙሉነት፣ የጨርቁ ጤንነት፣ የተጠገነው ክፍል መጠንና ከሁሉም በላይ የባለቤትነት ታሪኩ ናቸው። ለባሿን በስም የሚያሳይ የዘመኑ ፎቶግራፍ ያለው ቀሚስ ከሌላው ጋር አይወዳደርም።

እውነተኛውን ከአዲሱ እንዴት እለየዋለሁ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አዲስ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። የላኮታ ሴቶች ዛሬም የዛጎል ቀሚስ ይሰፋሉ፣ ለብሰውም ይጨፍራሉ። ሐሰት የሚሆነው አዲሱ ጥንታዊ ተብሎ ሲሸጥ ነው።

ከጨርቁ ይጀምሩ። አሮጌው የንግድ ሱፍ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ነጭ ጠርዙ ከሰማያዊው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀለሙ ያልተስተካከለ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር ይተዋል። ዘመናዊው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ጠርዝ አለው። ከዚያ ቀሚሱን ገልብጠው ውስጡን ይዩ። ከውስጥ የሚታየው ክር ከውጭ ካለው ጌጥ የበለጠ ይናገራል። የእንስሳ ጅማት ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ቢጫ ይሆናል፤ የጥጥ ክርም በዚያ ዘመን በሰፊው ስለሚሠራበት ብቻውን አያስጠረጥርም። የናይለን ክር ካዩ ግን ወይ አዲስ ነው፣ ወይ በቅርቡ ተጠግኗል። የስፌት መኪናም በሪዘርቬሽን ዘመን ስለነበረ የመኪና ስፌት ማየት አያስደነግጥ።

ዛጎሉን በጣት ይዳስሱ። እውነተኛ ዛጎል ይቀዘቅዛል፤ ላዩ ላይ ስስ የዕድገት መስመር ይታይበታል፤ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ዛጎል አይገኝም። ከፕላስቲክ የተሠራው ሁሉም እኩል ነው፣ እጅም ላይ ይሞቃል። ለመፈተን ብሎ ኮምጣጤ ማንጠብጠብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አሲዱ ዛጎሉን ይበላዋል።

ልብስ በሚታሸትበት ቦታ መታሸት አለበት፤ በብብት፣ በአንገትና በመቀመጫ በኩል። ሌላው ሁሉ አርጅቶ እነዚህ ቦታዎች አዲስ ከሆኑ ጥያቄ ያንሡ። ዛጎሉ አሮጌ፣ ጨርቁ አዲስ የሆነበትም አለ። ይህ ራሱ የቤተሰብ ልማድ ሊሆን ይችላል፤ ጨርቁ ሲያልቅ ልጅ የእናቷን ዛጎል ፈትታ በአዲስ ቀሚስ ላይ ትሰፋዋለች።

ሕጉ ምን ይላል?

የግል ሰው ጥንታዊ የላኮታ ቀሚስ መግዛትና መሸጥ በአሜሪካ በጥቅሉ የተከለከለ አይደለም። ነገር ግን ጥንቃቄ የሚሹ አራት ሕጎች አሉ። ንስር ላባ የተንጠለጠለበት ዕቃ ዕድሜው የፈለገውን ያህል ቢሆን አይሸጥም፤ የ1940ው የንስር ጥበቃ ሕግ ይከለክላል። በ1990 የወጣው የመቃብር ጥበቃና የማስመለስ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሙዚየሞችን ከመቃብር የወጡና የተቀደሱ ዕቃዎችን እንዲመልሱ ያስገድዳል፤ ከመቃብር ያለ አግባብ የወጣን ዕቃ መነገድም ወንጀል ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ሕግ የነባር ሕዝቦች ሥራ ያልሆነውን «የእነሱ ሥራ ነው» ብሎ መሸጥን እስከ 250,000 ዶላር መቀጮና እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል ብሎ ደነገገ። በ2022 መጨረሻ የተፈረመው ሕግ ደግሞ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኙ ቅርሶችን ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በገልፍ አገሮች ሆነው ከአሜሪካ ለሚገዙ አንባቢዎች ይህ በቀጥታ ይነካቸዋል።

ሕጋዊ ከሆነ መግዛቱ ምን ችግር አለው?

ሕጋዊ መሆኑ ጥያቄውን አይዘጋውም። እነዚህ ቀሚሶች ከላኮታ ቤት የወጡት በተለያየ መንገድ ነው። በስጦታ የተሰጠ አለ። ለመምህር፣ ለሐኪም ወይም ለነጋዴ በፈቃድ የተሸጠ አለ። መንግሥት የሚሰጠው የምግብ ራሽን ሲቋረጥ፣ ልጅ ሲታመም ለጥቂት ዶላር የተሸጠም ብዙ ነው። የተዘረፈም አለ። በ1855 የአሜሪካ ጦር ጄኔራል ሃርኒ በነብራስካ የሲቻንጉ ሰፈር ላይ ጥቃት ካደረሰ በኋላ ሌተናንት ዋረን ከሰፈሩ የሰበሰባቸው አልባሳትና ዕቃዎች በዋሽንግተን ወዳለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብተዋል። ታኅሣሥ 29 ቀን 1890 በውንድድ ኒ በመቶዎች የሚቆጠሩ ላኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ በአሜሪካ ወታደሮች ከተገደሉ በኋላ ከሬሳዎቹ ላይ ልብስ ተገፍፎ ለማስታወሻ ተሸጧል። የግላስጎው ኬልቪንግሮቭ ሙዚየም ከዚያ የመጣ ሸሚዝ በ1999 መለሰ፤ በማሳቹሴትስ ባሬ የሚገኘው ትንሽ ሙዚየምም ከ150 የማያንሱ ዕቃዎችን በ2022 ለላኮታዎች አስረከበ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የፎርት ላራሚ ውል በተፈረመበት በዚያው ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘርፏል። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ዛሬም በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ያ ቀሚስ ለምን ያንገበግበናል ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ የላኮታዋን ሴት ልጅ ልጆች ስሜት ለመረዳት ሩቅ አይሄድም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ከ1890 በፊት እንደ ተሠራ የሚነገርለትና ከወታደር ቤተሰብ የመጣ ቀሚስ አሳማኝ ታሪክ ካልቀረበለት አይገዛ። በስጦታ ወይም በሽያጭ መውጣቱ በደብዳቤ፣ በደረሰኝ ወይም በፎቶግራፍ የተረጋገጠውን የሚገዛ ሰው ግን አልወቅስም፤ በደንብ ከያዘውና ቤተሰቡ ወይም ነገዱ ማየት ሲፈልግ በሩን ከከፈተ።

ቤት ውስጥ እንዴት ይጠበቃል?

ዛጎል ጠላቱ እንጨት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እንጨት፣ በተለይ ኦክ፣ ቀስ በቀስ የአሲድ ትነት ይለቃል፤ ትነቱ ከዛጎሉ ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ይፈጥራል፣ ዛጎሉም እየተፈረፈረ ያልቃል። «የባይን በሽታ» ይባላል፤ በሽታ ግን አይደለም፣ ኬሚካል ነው። ስለዚህ ውድ ተብሎ የተገዛ የኦክ ሣጥን ቀሚሱን ሊያጠፋው ይችላል። ቀለም የተቀባ የብረት መሳቢያና አሲድ አልባ ካርቶን ይሻላሉ።

በመስቀያ አይሰቀል። የዛጎሉ ክብደት ሁሉ በትከሻው ስፌት ላይ ስለሚያርፍ ጨርቁ ይቀደዳል። አግድም አስተኝቶ እጥፋቶቹን አሲድ አልባ ስስ ወረቀት መሙላት ነው። ለኤግዚቢሽን ከሆነ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) አይለፍ። ብል የገባበት ሱፍ ብዙውን ጊዜ በማቀዝቀዝ ይታከማል፤ ይህን ግን ለባለሙያ መተው ነው። ድሮ ሙዚየሞች ብልን ለመግደል አርሴኒክ ይነሰንሱ ስለነበር ከሙዚየም የወጣ አሮጌ ቀሚስ ያለ ጓንት አይነካም።

ልለብሰው እችላለሁ?

አይሆንም። ይበጠሳል፤ አርሴኒክም ሊኖርበት ይችላል። ከዚያም በላይ የሌላ ሴት ክብር ነው።

የት ሄጄ ማየት እችላለሁ?

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ በናሽናል ሞል ያለው የአሜሪካ ሕንዶች ብሔራዊ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው። በኮሎራዶ ያላችሁ ወደ ዴንቨር አርት ሙዚየም ሂዱ፤ የነባር ሕዝቦችን ሥራ እንደ ሥነ ጥበብ መሰብሰብ የጀመረው በ1925 ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩባት በደቡብ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ ከተማ ያላችሁ ደግሞ ከሁሉም ትቀርባላችሁ፤ በመኪና ወደ ምዕራብ ስትነዱ ቻምበርሌን ከተማ አክታ ላኮታ ሙዚየምን፣ በሮዝበድ ሪዘርቬሽን ሴንት ፍራንሲስ የቢውክል ሙዚየምን፣ ራፒድ ሲቲ ደግሞ የሱ ኢንዲያን ሙዚየምን ታገኛላችሁ። እነዚህ ከባለቤቶቹ ምድር ላይ ያሉ ናቸው፤ እኔ ብመርጥ ከእነሱ እጀምራለሁ። በጥር 2024 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ሙዚየሞች የተቀደሱና የመቃብር ዕቃዎችን ከማሳየታቸው በፊት የነገዶቹን ፈቃድ እንዲያገኙ ስለሚያስገድድ፣ አንዳንድ መስታወት ባዶ ወይም ተሸፍኖ ብታዩ አይግረማችሁ።

ጥንታዊውን ከመግዛት አዲስ ማሠራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ይመከራልም። በየዓመቱ ነሐሴ ውስጥ በሳንታ ፌ የሚካሄደውና በ1922 የጀመረው ገበያ የነባር ሕዝቦች ባለሙያዎች ሥራቸውን በቀጥታ የሚሸጡበት ነው። በዚያ ገበያ ትልቁን ሽልማት ደጋግማ የወሰደችው ጆይስ ግሮዊንግ ተንደር ፎጋርቲ በሞንታና ካለው የፎርት ፔክ ሪዘርቬሽን የመጣች የአሲኒቦይንና የሱ ሕዝቦች ተወላጅ ናት፤ ጥበቡን ለልጇና ለልጅ ልጇ አስተላልፋለች። ከእንዲህ ያለች ባለሙያ የሚገዛ ሰው የሰፊዋን ስም ያውቃል፣ ዋጋውንም ለእሷ ይከፍላል። ጥድፊያ ግን አይሆንም፤ ጥሩ ሥራ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

በአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ አንድ ቀሚስ ባገኝ ምን ላድርግ?

አያጥቡት፣ አይጠግኑት፣ የወደቀ ዛጎል ካለ ለቅመው በወረቀት ፖስታ ያኑሩት። ከውጭም ከውስጥም ፎቶ ያንሡት። ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ፣ የአያቱን ሥራና የኖሩበትን ከተማ ጭምር፣ እዚያው ጠይቀው ይጻፉ፤ ያ ወሬ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ አይገኝም። ቀጥሎ ፎቶውን ለሮዝበድ፣ ለፓይን ሪጅ ወይም ለስታንዲንግ ሮክ ነገድ የቅርስ ጥበቃ ቢሮ ይላኩ። በእነዚህ ቢሮዎች የሚሠሩት የነገዱ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዴ አንድ አዛውንት የስፌቱን ረድፍ ወይም የሪባኑን ቀለም አይተው ከየትኛው ማኅበረሰብ፣ እንዲያውም ከየትኛው ቤተሰብ እንደ ወጣ ሊናገሩ ይችላሉ። ቤተሰቡ ከታወቀ ስለ ዋጋ ከማንም ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ከእነሱ ጋር ይነጋገሩ።